ጆሮ ለባለቤቱ

ኦስትራቫ፣ ኅዳር ወር፤ ትራሙ ጥርሱን እያፋጨ ሲታጠፍ፣
እሳቱ ከጠፋ ብረት ማቅለጫ ፊት፣ ከአንዲት ቢራ ቤት ደጃፍ፣
ጫማችንን አራግፈን ሐሙስ ሐሙስ እንገባለን፤
አምስት ሰዎች ስድስት ወንበር እንይዛለን፣
አንዱ ለካፖርታችን።

ጠቡ ያው የድሮው ነው፤ ከቢራው ቀድሞ ይቀዳል፤
«ከአራቱ ታልሚሮች የቱ ይበልጣል?»
ታልሚር የመርከብ አዛዥ ነው፣ በቴሌቪዥን፣ እሑድ ማታ፣
«ድንቢጥ» የምትባል መርከቡን በከዋክብት መሃል ሲያንገላታ፤
ስሙ አንድ፣ ሰዎቹ አራት፤
መልኩ የኪራይ ቤት ነበር፣ ተከራይ የሚፈራረቅበት።
ባለፈው እሑድ ጺማም የነበረው
በዛሬው እሑድ አገጩ ተላጭቶ፣ ቁመቱ በስንዝር አጥሮ ሲመጣ፣
ከመርከበኞቹ መሃል «አንተ ደግሞ ማነህ?» የሚል ታጣ።

ሊቡሼ ለመጀመሪያው ትሞታለች፤
«መሪውን ሲይዝ እጁን አይታችሁታል?» ትላለች፣
«ኩፍ ያለ ሊጥ እንዳይሟሽሽበት እንደሚሰጋ ጋጋሪ፤
እሱ ነው፣ ፍርሃቱን በኪሱ ይዞ አብራሪ።»
ራዶሚር አረፋውን ከከንፈሩ ጠርጎ፣
«እሱማ ደመወዝ የሚቆጥር ጸሐፊ ነው፣ ክራቫቱን ጠበቅ አድርጎ!
ሁለተኛው ነው ወንድ፤
ቅንድቡን ሲያነሣ እጁን ይሰጥ ነበር የሰማዩ ሁሉ ጉድ።»
«ቅንድብማ ጉጉትም አላት!»
ዝቢኔክ፣ ከሁላችን ልጅ፣ ለአራተኛው ጠበቃ ነው፤
«እስቲ እንደ ሰው ያለቀሰ ከእሱ በቀር ማነው?»

እኔ የሦስተኛው ነኝ። ምክንያቴን አልደብቅም፤
ለብረት ትምህርት ስመጣ ከ«ደህና ዋሉ» በቀር ቋንቋቸውን አላውቅም፤
በተማሪዎች ሳሎን፣ አንቴናው በሹካ በተጠገነ ቴሌቪዥን ፊት፣
ከከንፈሩ ሥር ቃል ለቃል የለቀምኩበት፣
እሱ ነው። ይቅርታ መጠየቅን፣ መቆጣትን፣
«የአየር መዝጊያውን ክፈቱ!» ማለትን ሳይቀር፣
አንድ ቀን ባይጠቅመኝም እስካሁን በዚህ ምድር።
ከንፈሩና ቃሉ አራምባና ቆቦ ሲሆኑ፣
አፉ ተዘግቶ ድምፁ ኋላ ሲደርስ፣
የጠፈር ርቀት መስሎኝ ነበር፤ እኔስ።

ቫቭሪኔትስ ግን አያይም።
ሠላሳ ዓመት በፋብሪካው ስልክ ቤት መስመር ሲያገናኝ የኖረ፣
የአለቃውን ውሸት ከትንፋሹ የሚለይ ነበረ።
ያን ማታ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያሰማ፤
«አራት፣ አራት ትላላችሁ፤ ይኸው ስንት ዓመቴ ስሰማ፤
እኔ የማውቀው ሁለት ነው።
የፊተኞቹ ሦስቱ ለእኔ አንድ ሰው ናቸው፤
ፕራግ ውስጥ፣ በጠባብ ክፍል ቆሞ፣ አንዱ ነው ድምፁን ያዋሳቸው።
ኢግናትስ ሆሌሽ፤ ስሙን ጎረቤቴ ናት ከማለቂያው ጽሑፍ ያነበበችልኝ፣
ከዳቦ ፍርፋሪ ያነሰ ፊደል ነው አለችኝ።
አራተኛው የመጣ እሑድ፣ ሌላ ሰው አፉን ከፈተ።
ገባኝ። ሞተ።
እናንተ በጺም ስትጨቃጨቁ
እኔ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር፤ ከየት ታውቁ?»

ሊቡሼ የብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶኑን ቆራረሰች።
የራዶሚር ቅንድብ ራሷ ወረደች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱን ሳይሆን ጆሮውን ነው ያዞረው፤
«አንተ ግን፣ ሒሳብ ስትጠራ ነው ልቤን የሚያርሰው፤
ከመናገርህ በፊት ትንፋሽ ትይዛለህ፣ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ፤
እሱ ነበር እንዲያ የሚያደርግ። ሳታውቀው የያዝከው ዕዳ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤
ይህን ያህል ባዳ መሆኑን ግን ያን ሐሙስ ነው ያየሁ።
ሚስቴን በዚያ ድምፅ ለምኛለሁ። ልጄን በዚያ ድምፅ ገሥጫለሁ።

አስተናጋጇ መጣች፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አንሥታ፤
«ምን ልጨምር?» ቫቭሪኔትስ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ለአንድ አፍታ።
ሁሉም ዝም አሉ።
አፌን ከፈትኩ፤
ትንፋሽ ያዝኩ።